ቶሎ የሚደርቅ ቀለም

ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ ሲያበቃ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ ጣል አደረገና «ሥራዎ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«ሠዓሊ ነኝ» አለች አፏን ሞልታ።

«በምን ዓይነት ቀለም ነው የሚሥሉት?»

«በዘይት ነዋ! ሌላ በምን ይሣላል?»

«እንግዲያው በሌላ በምን እንደሚሣል ይፈልጉ» አለ ሐኪሙ ፈገግ እያለ። «ቀለሙን የሚያቀጥኑበት አኳራጅ ሳንባዎን እያስቆጣው ነው። እሱ በሚተንበት ክፍል ውስጥ መዋል ካላቆሙ ይሄ ትንፋሽ ማጠር ይብስብዎታል እንጂ አይለቅዎትም።»

«ሥራዬን ተይ ነው የሚሉኝ?»

«ሥራዎን አላልኩም። ሽታውን ነው ያልኩት።»

ከክሊኒኩ ስትወጣ አላለቀሰችም። መንገድ ዳር ቆም ብላ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ትንፋሿ ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ሲጥጥ አለ። ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ አባቷ ቤት አመራች። ዕድሜዋ ወደ አምሳው እየተጠጋ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ዕድሜ ውስጥ ብሩሽ ያልያዘችበትን ጊዜ ላስታውስ ብትል አይመጣላትም።

የሚያውቃት ሁሉ ብሩሼ ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው። ድክድክ ማለት ከጀመረች አንስቶ ከእግሩ ሥር አትጠፋም ነበር፤ ያገለገሉ ብሩሾቹን እየለቀመች፣ በሳሙና እያጠበች፣ እንደ ወታደር አሰልፋ ታቆምለታለች። አባትየው በከተማው የታወቀ የሰው መልክ ሠዓሊ ነው። ከዘይት ቀለም ሌላ ነክቶ ስለማያውቅ የሙያ ጓደኞቹ ጋሽ ዘይቱ ይሉታል። በፍርድ ቤቱ ኮሪደር የተደረደሩትን ዳኞች የሣለው እሱ ነው፤ በትምህርት ቤቱ ቢሮ ከግድግዳ ላይ የሚያፈጡትን ርእሰ መምህራንም እንዲሁ። አንድ ፊት የያዘ እንደሆነ አይቸኩልም። ባለቤቱ እየተመላለሰ ይቀመጥለታል፤ ቀለሙ እስኪደርቅ ደግሞ ወራት ያልፋሉ። አንዲት ሙሽራ ሥዕሏን ልትወስድ የመጣችው የመጀመሪያ ልጇን ታቅፋ ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ይሳቅበታል።

ብሩሼም እዚያው ቤት፣ ከትልቁ መስኮት ሥር፣ ከአባቷ ጎን ሸራዋን አቁማ ይህንኑ ሙያ ስትሠራ ኖራለች። አባትና ልጅ ቀኑን ሙሉ እየተጨቃጨቁ ይሥላሉ። ሳይጨቃጨቁ የዋሉ ዕለት ሥራው አይሰምርላቸውም።

ያን ቀን ስትገባ አባቷ የአንድ ጡረተኛ ኮሎኔል ፂም ላይ ነበር።

«አባዬ፣ ዘይት ልተው ነው።»

«ይበጅሻል» አለ ከሸራው ዞር ሳይል። «ጥብሳ ጥብሱን ስታበዢው አያለሁ። ለልብም ጥሩ አይደለም ይላሉ።»

«የምግቡን አይደለም። የቀለሙን ነው።»

ብሩሹ የኮሎኔሉ ፂም ላይ ቀጥ አለ። ሐኪሙ ያለውን ስትነግረው ሽማግሌው ፊቱ ተለዋወጠ፤ ወዲያው ሄዶ መስኮቱን በረገደው፤ የአኳራጁን ጠርሙስ ከደነ፤ ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «ታዲያ በምን ልትሥዪ ነው?» አላት።

«በአክሪሊክ።»

ቦርሳዋ ውስጥ ከነበሩት ቱቦዎች አንዱን አውጥታ ሰጠችው። ከፈተው፤ ጣቱ ላይ ጠብ አደረገው፤ አሸተተው። «ምንም አይሸትም! የማይሸት ቀለም ምኑን ቀለም ሆነ?» አለ። ጣቱን ሊጠርግ ጨርቅ ሲፈልግ ግን ቀለሙ ደርቆ እንደ ስስ ቆዳ ተላጠለት። ያቺን ቅርፊት በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ብርሃን አነሳት። «ፕላስቲክ! ልጄ፣ በዚህ ባልዲ ይሠራበታል እንጂ ሰው አይሣልበትም።»

ነገሩን ለማክረር ቢሆንም ሐሰት አልተናገረም። የዘይት ቀለም ዱቄቱ ከዘይት ጋር የተለወሰ ስለሆነ አይቸኩልም፤ ዛሬ የቀቡትን ነገ ተመልሰው ያሹታል፤ ብርሃኑን ከጥላው ጋር እያግባቡ ያለሰልሱታል። አክሪሊክ ግን ያው የቀለም ዱቄት ውሃ ውስጥ ከተበተነ የፕላስቲክ ሙጫ ጋር የተዋሃደ ነው። ውሃው ተኖ ሲያልቅ ሙጫው ይያያዛል፤ አንዴ ከተያያዘ በኋላ ደግሞ ውሃ መልሶ አይፈታውም። ትናንት የመጣ ቀለም ነው፤ ሠዓሊዎች እጅ ከገባ ገና መቶ ዓመት አልሞላውም። እነ ጋሽ ዘይቱ ደግሞ ትናንት የመጣን ነገር በቀላሉ ወንበር የሚስቡለት ሰዎች አይደሉም።

ብሩሼ ዕቃዋን ጠቅልላ ባሏ ቤት የኋላ በረንዳ ላይ ሰፈረች። ባሏ የመናኸሪያው ስምሪት ኃላፊ ነው፤ አውቶብሶቹን በየሰዓታቸው የሚሸኘው እሱ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ድምፅ ማጉያ ላይ ሲጮህ ስለሚውል ቤቱ ሲገባ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። በረንዳው ላይ ያከማቸውን አሮጌ ጎማ ሁሉ አንከባሎ አወጣና ቦታውን ለቀቀላት። የመጀመሪያዋ ሞዴልም እሱው ሆነ።

እሷም እንደለመደችው ጀመረች፤ አክሪሊኩን እንደ ዘይት ልታሽሞነሙነው። ጉንጩን ቀብታ ወደ ጥላው ስትዞር ጉንጩ ደርቆ ጠበቃት። ሁለቱን ላግባባ ብላ ስታሽ መሃላቸው ላይ ጠባሳ የመሰለ መስመር ቀረ። ስልክ ተደውሎላት ትንሽ ስታወራ ብሩሿ እንደ ማንኪያ ድርቅ ብሎ ቆያት። ቀለሙ ደግሞ እርጥብ ሳለ ያሳየውን መልክ ሲደርቅ ይክዳል፤ ጠቆር ይላል። ባሏ በማግስቱ ሸራውን አይቶ «ይሄ ማነው?» አለ።

«አንተ ነህ!»

«እኔ?» አለ በሹክሹክታ። «አይ... አጎቴን ይመስላል። እሱም ታሞ በነበረበት ጊዜ።»

ደሟ ፈላ። ቱቦዎቹን ጠራርጋ ካርቶን ውስጥ ከተተችና ካርቶኑን በእግሯ ወደ ጥግ ገፋችው። ነገር ግን ብሩሼ ኩርፊያዋ ከአንድ ሌሊት አያልፍም። ጠዋት ስትነሳ ካርቶኑን ጎትታ አወጣችና ለራሷ ድምፅ አውጥታ ተናገረች፤ «ይሄ ቀለም ዘይት አይደለም። ዘይት ካልሆንክ ብዬ የምደበድበው ለምንድን ነው?»

ከዚያ በኋላ እጇ ሌላ ነገር መማር ጀመረ። ፀጉር ቤት ያላት ታናሽ እህቷ ልትጠይቃት መጥታ፣ ሳህኑ ላይ ቀለም ሲደርቅ አይታ ሳቀች። «ፀጉርም እኮ እንደዚሁ ነው፤ ከደረቀ አይታዘዝሽም» ብላ ደንበኞቿን የምትረጭበትን የውሃ መርጫ አመጣችላት። ብሩሼ ዝርግ ትሪ ላይ እርጥብ ስፖንጅ አነጠፈች፤ በላዩ ወረቀት አለበሰች፤ ቀለሙን እዚያ ላይ ስታደርገው ቀኑን ሙሉ ሳይደርቅ ዋለላት። ፊትን በማሸት ሳይሆን በመደራረብ መሥራት ጀመረች። ቀለሙን በውሃ እንደ ሻይ አቅጥና አንድ ስስ ሽፋን ታለብሳለች፤ ብሩሿን አጥባ እስክትመለስ ይደርቃል፤ ሁለተኛውን ስታለብስበት የታችኛው ንቅንቅ አይልም፣ በላይኛው ውስጥ ግን ብርሃኑ ይታያል። ደንደን ያለ ስትፈልግ ደግሞ በቢላ እንደ ቅቤ ትለጥፈዋለች። አባቷ ወራት ጠብቆ የሚያወጣውን ጥልቀት እሷ በአንድ ከሰዓት ውስጥ ስታገኘው፣ በረንዳው ላይ ብቻዋን ቆማ በደስታ እጇን አጨበጨበች።

አንድ ቀን ባሏ ቁልፉን ረስቶ ወጣና ልታደርስለት መናኸሪያ ሄደች። የትኬት መስኮቱ ጥግ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ተደግፋ ቆማ ነበር፤ ዓይኗ ተከድኗል፤ አገጯ በእጆቿ ላይ አርፏል። ዙሪያዋን ሰው ይተራመሳል፣ ሻንጣ ይጎተታል፣ እሷ ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ናት። ብሩሼ ዓይኗን መንቀል አቃታት። በአባቷ ቤት እስከዛሬ የሣለቻቸው ሰዎች ሁሉ ቁጭ የሚሉበት ጊዜ ያላቸው ሰዎች መሆናቸው የታያት ያን ጊዜ ነው። እዚህ ቦታ ቁጭ የሚል የለም። ቁጭ ያለም ጆሮው ድምፅ ማጉያው ላይ ነው።

በማግስቱ ትሪዋን፣ ውሃ መርጫዋንና የምትሥልባቸውን ትናንሽ ጣውላዎች ይዛ መጣች። የመጠባበቂያው አዳራሽ ውስጥ ከዓምዱ ሥር ወንበር ዘርግታ ተቀመጠች። ሰው መጀመሪያ ትኬት የምትሸጥ መስሎት ይሰለፍባት ነበር። ከትኬት ፈላጊዎቹ ኋላ አንድ የረጅም መንገድ አውቶብስ ሹፌር ቆሞ ጣውላዎቿን ሲያይ ቆየ።

«እትዬ፣ እኔንስ ትሥዪኛለሽ?»

«ቁጭ ካልክልኝ ምን ገዶኝ።»

«ችግሩ እሱ ነው። ጎማ እስኪቀየርልኝ ነው ያለሁት።»

«ጎማው ምን ያህል ይፈጃል?»

«አንዲት ሰዓት ብትሞላ ነው።»

«ትበቃኛለች፤ ተቀመጥ።»

ተቀመጠና ሳይጠየቅ ማውራት ጀመረ። እናቱ መንገዱ መጨረሻ ላይ ካለች ከተማ ነው የምትኖረው። በሄደ ቁጥር ጠዋት ገብቶ ከሰዓት ይወጣል። «አንተን የማውቅህ በጀርባህ ነው ትለኛለች» አለ። «በሩ ላይ ቆማ ስትሸኘኝ የሚታያት እሱ ነዋ። እስቲ አንድ ጊዜ ፊቴን ትቼላት ልምጣ ብዬ ነው።»

የብሩሼ እጅ ፈጥኖ ነበር። መጀመሪያ ጠቆር ያለውን የመደብ ቀለም አነጠፈች፤ በላዩ ላይ የግንባሩን አጥንት አወጣች። የመነጽሩ እጀታ ከዓይኑ እስከ ጆሮው ያሰመረውን መስመር አየች፤ በመስኮት በኩል የሚውለው የፊቱ ግማሽ ከሌላው ይልቅ በፀሐይ መጥቆሩንም አየች፤ ሁለቱንም አስቀመጠች። ተሳፋሪው ዙሪያቸውን ከብቦ «አፍንጫው ላይ ሰፋ አድርጊለት» ይላል። መካኒኩ መጥቶ «ጎማው ተቀይሯል» አለ። ባሏ ሁኔታውን በመስኮት ሲያይ ቆይቶ ድምፅ ማጉያውን አነሳ፦ «ተሳፋሪዎች ሆይ፣ ሹፌራችሁ ሥዕል ላይ ስለሆነ ጥቂት ታገሡን!» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሹፌሩም ሳቀ፤ ብሩሼ ያንን ሳቅ ከአፉ ጥግ ላይ ሳይጠፋ ያዘችው።

ጣውላውን ስትሰጠው በሁለት መዳፉ እንደ ትኩስ ሳህን ጠርዙን ብቻ ይዞ «እንዳይለቅ ፈራሁ እኮ» አለ።

«ንካው።»

በአንድ ጣቱ የራሱን ግንባር ነካ፤ ጣቱን ገልብጦ አየ። ምንም የለበትም። ጋዜጣ ጠቅልሎበት ከመቀመጫው ኋላ ሸጎጠውና መሪውን ይዞ ሄደ። ያው ሥዕል በዘይት ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ከብዙ ሳምንት በኋላም መንገድ አይወጣም ነበር። ሹፌሩ በተመለሰ ጊዜ እናቱ ሥዕሉን የሰቀለችው በሩ አጠገብ መሆኑን ነገራት፤ «ስወጣ እሱን እያየች ነው የምትሸኘኝ፤ እኔን ዞር ብላም አላየችኝ» አለ፤ በኩራትም በቅሬታም።

ከዚያ ወዲህ ብሩሼ መናኸሪያውን ቢሮዋ አደረገችው። ትኬት ቆራጩን ሣለች፤ ውሃ የምትሸጠውን ሴት፣ ዕቃ ጫኞቹን፣ ሎተሪ አዟሪውን። ትናንሾቹ ጣውላዎች ሲበረክቱ በረንዳዋ ላይ አንድ ትልቅ ሸራ ወጠረችና ሁሉንም አንድ ላይ አመጣቻቸው፤ መላው የመጠባበቂያ አዳራሽ፣ ከነግርግሩ፣ ከነሻንጣው፣ መሃሉ ላይ መጥረጊያዋን ተደግፋ ያንቀላፋችው ሴት። ሽፋን በሽፋን ላይ እየደራረበች ስለሠራችው ከሩቅ የሚያየው ሰው ለወራት የተለፋበት የዘይት ሥራ ይመስለዋል።

የሠዓሊያን ማኅበሩ ዓመታዊ ኤግዚቢሽን ሲደርስ ሸራውን ይዛ ሄደች። ሥራዎቹን ከሚመርጡት አንዱ አባቷ ነበር። ሊቀመንበሩ፣ ትሑትና ንግግሩ የተለካ ሰው፣ ሸራው ፊት ቆሞ መነጽሩን አውልቆ እንደገና አደረገ። «ትልቁ አዳራሽ ውስጥ፣ ፊት ለፊት ይሰቀላል» አለ። ብዙም ሳይቆይ ሥዕሉ ሥር ካርድ ተለጠፈ፦ ዘይት፣ ሸራ ላይ።

ብሩሼ ካርዱን አነበበችና ወደ ሊቀመንበሩ ሄደች። «ተሳስቷል፤ አክሪሊክ ነው።»

ሰውየው መነጽሩን እንደገና አወለቀ። «ትልቁ አዳራሽ ለዘይት ሥራዎች ብቻ እንደሆነ ያውቃሉ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«እንዲያው በንቀት እንዳይመስልዎት» አለ። «የዘይት ቀለም ለዘመናት ተፈትኖ ያለፈ ነው። ይሄኛው ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ምን እንደሚመስል ማንም አያውቅም።»

«እውነትዎን ነው፣ አይታወቅም» አለች ብሩሼ። «የእኔ ሰዎች ግን ሦስት መቶ ዓመት መቆየት አይችሉም፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አውቶብስ አላቸው።»

ሊቀመንበሩ ሳይወድ በግዱ ሳቀ፤ ደንቡ ግን ደንብ ነው። ብሩሼ ባሏን ጠርታ ሸራውን በሁለት ወገን ይዘው ወደ መግቢያው ኮሪደር ወሰዱት። አባቷ ተከትሏቸው ወጣ፤ ፊቱ ጠቁሯል።

«ዝም ብትዪ ምን ይቀርብሽ ነበር?»

«ሥራዬ ነዋ። እኔ ያንን ሁሉ ፊት በውሃ ነው የሠራሁት አባዬ። ዘይት ነው እያሉ ሲያደንቁት የሌላ ሰው ልጅ ታቅፌ ‹ሲያምር፣ አንቺን ይመስላል› እንደተባልኩ ነው የሚሰማኝ።»

ሽማግሌው ፊቱን አዙሮ ወደ አዳራሹ ተመለሰ።

ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት የመናኸሪያው ሰዎች ተረኛ ብቻ ትተው ተያይዘው መጡ። ኮሪደሩ ላይ ሥዕሉ ውስጥ ራሳቸውን ሲያገኙ ወደ ውስጥ መግባቱን ረሱት። ጫኞቹ አንዱ የሌላውን ሆድ በጣት እያሳየ ይሳለቃል። የጽዳት ሠራተኛዋ ደንብ ልብሷን እንደለበሰች ሥዕሉ ፊት ቆመችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ! ቆሜ ነው እንዴ ያንቀላፋሁት?» ካለች በኋላ ቀስ ብላ «ግን ደስ ይላል። ማንም አልቀሰቀሰኝም» አለች። ተመልካቹ ሁሉ ከትልቁ አዳራሽ ይልቅ ኮሪደሩ ላይ መጨናነቅ ጀመረ፤ መግቢያው ተዘጋ፤ ሊቀመንበሩ ራሱ በትከሻው እየተጋፋ ነው የገባው።

ጋሽ ዘይቱ ሰው ሲሳሳ ጠብቆ ቀረበ። አፍንጫው ሸራውን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋ። ብሩሼ ሊያሸተው ነው ብላ ጠበቀች። እሱ ግን የጽዳት ሠራተኛዋን አንገት ሲመረምር ቆይቶ፣ «ይቺን ጥላ በስንት ሽፋን ነው ያወጣሻት?» ብሎ ጠየቀ።

ዕድሜ ልኳን እሷ እሱን ስትጠይቅ ነው የኖረችው። «አልቆጠርኩም። እስክትሞቅ ድረስ ደራረብኩ።»

«ከሥር ሰማያዊ አለበት?»

«አለበት። በላዩ ቡኒ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ስስ ቀይ።»

«እህ» አለ። «የዚያ ጫኝ ጆሮ ግን ወደ ታች ወርዷል።»

«ሰውየው እንደዚያው ነው አባዬ፤ ከኋላህ ቆሟል፤ ዞር ብለህ እየው።»

ዞሮ አየ። ጫኙም ጆሮውን ይዞ ሳቀ።

ጋሽ ዘይቱ ስለ ፕላስቲክ ከዚያ በኋላም መቀለዱን አልተወም። ነገር ግን ወራት ሳይቆይ አንድ ጠዋት ደውሎ ነይ አላት። ስትደርስ ትልቁ ክፍል ባዶ ነው። ወለሉ ታጥቧል፤ ግድግዳው አዲስ ኖራ ተቀብቷል፤ የዘይት ቱቦዎቹ፣ ጠርሙሶቹ፣ ያልደረቁት ሸራዎች አንድም አልቀሩም። ሁሉንም ጓሮ ወዳለችው ቆርቆሮ ክፍል ወስዷቸዋል።

«መስኮቱ ያንቺ ነው» አላት፤ ሌላ ነገር የሚፈልግ ይመስል ወደ ውጭ እያየ። «ሰው በረንዳ ላይ አይሠራም።»

«ጓሮው ጨለማ ነው እኮ። አንተስ?»

«በሩን ከፍቼ እሠራለሁ። ደግሞ ከጎንሽ ሆኜ ስትፈጥኚ ማየት ያዞረኛል።»

አንገቱን አቀፈችው፤ የአኳራጁ ሽታ ከልብሱ ላይ ትንሽ ሲያስላት ራሱ ገፋ አደረጋት።

ዛሬ ሥራ ሞልቷት ተርፏል። ከሰዓት በኋላ ከመስኮቱ ሥር አክሪሊክ መማር ለሚፈልጉ ጎልማሶች ታሳያለች፤ መጀመሪያ የምታስተምራቸው ብሩሽ ማጠብን ነው። የማኅበሩ ደንብ ሁለት ዓመት ያህል ሲያከራክር ከርሞ ተነሣ፤ አሁን ሥራዎቹ የሚሰቀሉት በስፋታቸው ነው። መናኸሪያው ደግሞ ታድሶ ሲያልቅ ረጅሙን የመውጫ ግድግዳ እንድትሥልበት ሰጣት። ጠዋት ጠዋት መወጣጫው ላይ ታገኟታላችሁ፤ ጭንቅላቷ በሻሽ ታስሮ፣ ባልዲ ሙሉ ቀለም አጠገቧ። ሰሞኑን የያዘችው ሰማዩን ነው። ሰፊ ስለሆነ ቀለሙ ገና ሳይገናኝ ይደርቅባታልና በጠዋቱ ጥላ፣ ግድግዳውን በውሃ እያራሰች፣ በሰፊ ብሩሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳታቆም ትሄድበታለች። ትናንት ግማሹን ጨርሳለች። የቀረውን ዛሬ ፀሐይ ሳይበረታ ለመያዝ ከመጀመሪያው አውቶብስ ቀድማ ገብታለች።